ቤት ውስጥ በሲሙሌተር የኢንስትሩመንት በረራ መለማመድ፦ ከደሴና ከኮምቦልቻ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ደሴም ሆነ ኮምቦልቻ፣ ሲሙሌተር የጫነ ሰው ሲያገኘኝ የሚጠይቀኝ ነገር ያው ነው። ስለዚህ ሰብስቤ እዚህ አስቀመጥኩት። ኢንስትሩመንት በረራ ስል ውጭውን ሳያዩ፣ ደመና ውስጥ ሆነው፣ ከፊት ያለውን መሣሪያ ብቻ እያነበቡ መብረር ማለቴ ነው። አንተ እያልኩ ብጽፍም ለሴቶቹም ነው።

ይሄ ጌም አይደለም እንዴ? እውነት ትምህርት ይሆናል?

እንደ አያያዝህ ነው። ቦይንግ ከፍተህ የደሴን ጦሳ ተራራ ታክከህ ለማለፍ የምትሞክር ከሆነ ጌም ነው። እሱም ደስ ይላል፣ አልፈርድብህም። ግን ሲሙሌተር ራሱ ስም ያገኘው በኢንስትሩመንት በረራ ነው። ኤድዊን ሊንክ የሚባል አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1929 የመጀመሪያውን ማሽን ሲሠራ፣ አባቱ ኦርጋን የሚያመርት ሰው ስለነበር፣ ያንኑ የኦርጋን ወናፍ ተጠቅሞ ነው እንዲንቀሳቀስ ያደረገው። መጀመሪያ ላይ ብዙ ሰው ቁም ነገር አላለውም፣ መዝናኛ ቦታ ላይ ነበር የሚቀመጠው። እ.ኤ.አ. በ1934 የአሜሪካ ጦር ፖስታ እንዲያመላልስ ሲታዘዝና ፓይለቶቹ በመጥፎ አየር ተራ በተራ ሲሞቱ ግን ጦሩ ራሱ ሄዶ ገዛው።

ሌላም ልጨምርልህ። እ.ኤ.አ. በ1954 የኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ የኢንስትሩመንት ሥልጠና የሌላቸው 20 ሰዎችን ደመና ውስጥ የገቡ ያህል ውጭውን ሸፍኖ አስበረራቸው። ሁሉም አውሮፕላኑ ከቁጥጥራቸው ወጣ፣ በአማካይ በ178 ሴኮንድ። ሦስት ደቂቃ እንኳን አይሞላም።

ኮምፒውተሬ አሮጌ ነው። የቱን ልጫን?

ፍላይትጊር ነፃ ነው፣ አሮጌ ላፕቶፕ ላይም ይሠራል፣ ሴስና 172 (ባለ አንድ ሞተር ትንሽ አውሮፕላን) አብሮት ይመጣል። መልኩ አያምርም። ግን አስብበት፣ ደመና ውስጥ ገብተህ የምትለማመድ ከሆነ የምታየው ነጭ ነጩን ብቻ ነው፣ ቆንጆ ምስል ምን ያደርግልሃል?

ገንዘብ የምታወጣ ከሆነ የእኔ ምርጫ ኤክስ-ፕሌን 12 ነው። አንዴ ከተጫነ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል፣ መሣሪያዎቹንም አንድ በአንድ እያበላሸህ መለማመድ ትችላለህ (ወደ ታች እመለስበታለሁ)። ማይክሮሶፍት ፍላይት ሲሙሌተር ውበቱን የሚያህል የለም። ነገር ግን የ2020ው ስሪት 150 ጊጋባይት ቦታ አዘጋጅ ይልሃል፣ መሬቱንም ከኢንተርኔት እየሳበ ነው የሚያሳይህ። ፓኬጅህን ውሃ በላው በለው።

ክፍያው ራሱን የቻለ ራስ ምታት ነው፣ የውጭ ካርድ ይፈልጋል። ውጭ ዘመድ ያለው በስጦታ ያስገዛል። ክራክ የተደረገውን በፍላሽ እየተቀባበላችሁ የምትጭኑትን ግን ተዉት። ቫይረሱን ትቼ፣ ማሻሻያ ስለማያገኝ አቪዮኒክሱ (የአውሮፕላኑ የኤሌክትሮኒክስ መሣሪያ) ላይ ያለው ስህተት ሁሉ ሳይታረም አብሮህ ይኖራል፣ አንተም ስህተቱን እንደ ትክክል ትማረዋለህ።

ጆይስቲክ የለኝም። በኪቦርድ አይሆንም?

ከእጅ አይሻል ዶማ ነው። ኪቦርድ ወይ ሙሉ በሙሉ ይጫናል ወይ አይጫንም፣ መካከል የለውም። ኢንስትሩመንት በረራ ደግሞ መሪውን በጥቂቱ ነካ አድርጎ መተው ነው። ያገለገለ፣ እጀታው ግራና ቀኝ የሚጠመዘዝ ጆይስቲክ ፈልግ፣ መጠምዘዣው ለእግር ፔዳሉ ይሆንሃል። እስከዚያው አውቶፓይለት እያበረልህ አቪዮኒክሱን ብቻ ተማር፣ ለእሱ ማውስ ይበቃል።

እሺ ተጫነ። ከየት ልጀምር?

ከማረፍ አይደለም። ሁሉም አይኤልኤስ (ወደ ማኮብኮቢያው በሬዲዮ የሚመራህን ሥርዓት) ይዞ ማረፍ ነው የሚያምረው፣ ያ ግን የመጨረሻው ምዕራፍ ነው።

መጀመሪያ አየሩን ዝጋው። ደመናው ከመሬት ትንሽ ከፍ ብሎ ይጀምርና እስከ ላይ ድረስ ይሸፍን፣ ነፋሱን ዜሮ አድርገው። ባለ ክብ መሣሪያውን ሴስና 172 ክፈት። ስድስት መሣሪያ አለህ። ከላይ ከግራ ወደ ቀኝ ፍጥነት፣ አቲትዩድ (አፍንጫህና ክንፍህ ከአድማስ አንጻር እንዴት እንደሆኑ)፣ አልቲሜትር (ከፍታ)። ከታች ተርን ኮኦርዲኔተር (ምን ያህል ፈጥነህ እንደምትዞር)፣ ሄዲንግ (አፍንጫህ የሚያይበት አቅጣጫ)፣ ቨርቲካል ስፒድ (የመውጣትና የመውረድ ፍጥነት)። ዓይንህ ቤቱ አቲትዩዱ ላይ ነው። ከዚያ ተነስቶ አንዱን አይቶ ይመለሳል፣ ሌላውን አይቶ ይመለሳል። የጀማሪ በሽታ አንዱ ላይ አፍጥጦ መቅረት ነው። ከፍታህ 80 ጫማ ወረደ እንበል፣ አልቲሜትሩ እስኪመለስ እሱን ብቻ ታያለህ፣ እስከዚያ ሄዲንግህ 20 ዲግሪ ሄዷል፣ እሱን ስታርም ፍጥነትህ ወድቋል። እንዲህ እያለ ይቀጥላል።

የመጀመሪያው ልምምድ አሰልቺ ነው። ቀጥ ብለህ፣ ከፍታህ ከ100 ጫማ፣ ሄዲንግህ ከ10 ዲግሪ ሳይዛነፍ መብረር። ይሄ ለፈተና የሚጠየቀው ልክ ነው። ሲለመድህ መዞር ጨምር። መደበኛው ዙር በሴኮንድ 3 ዲግሪ ነው፣ ሙሉ ክብ 2 ደቂቃ ይፈጃል። ምን ያህል ልጋደል ካልክ እውነተኛ ፍጥነትህን ለ10 አካፍልና 5 ደምር፤ በ100 ኖት (በሰዓት 100 ኖቲካል ማይል) 15 ዲግሪ ማለት ነው። ሰዓት ይዘህ ዙር፣ 2 ደቂቃው ሲሞላ የጀመርክበት ሄዲንግ ላይ መሆን አለብህ፣ ያውም ከፍታህን ሳትለቅ። ከዚያ እየወጡ መዞር፣ እየወረዱ መዞር። ትሪሙን (መሪው ላይ ያለውን ጫና የሚያነሳልህን ማስተካከያ) አትርሳ። መሪውን ጨብጠህ ተጭነህ የምትበር ከሆነ ቻርት ለማየት አንገትህን ባዞርክ ቁጥር አውሮፕላኑም አብሮህ ይዞራል።

የሄዲንግ መሣሪያው በራሱ ጊዜ ከልኩ እየሸሸ ይሄዳል። በየ15 ደቂቃው ከማግኔቱ ኮምፓስ ጋር አስተካክለው። ሲሙሌተሩ ይሄንንም ያስመስላል፣ ብዙ ሰው ግን አያውቀውም።

ጂ1000 (ባለ ስክሪኑ አቪዮኒክስ) ላይ ቁልፉ በዛብኝ። አቪዮኒክሱን እንዴት ልማር?

የቤት ሲሙሌተር ዋናው ጥቅም እዚህ ላይ ነው ብዬ አምናለሁ። እጅህን አያሠለጥንህም፣ የጆይስቲክ ስፕሪንግና የእውነተኛ አውሮፕላን መሪ በፍጹም አይገናኙም። ጭንቅላትህንና ጣትህን ግን ያሠለጥናል። ሰማይ ላይ፣ ሰዓቱ በብር እየተቆጠረ፣ አስተማሪው እያየህ የትኛው ኖብ (የሚዞር ቁልፍ) የቱን እንደሚያዞር ከመፈለግ ቤትህ ሻይህን እየጠጣህ ብትፈልገው አይሻልም?

ቁልፍ በቁልፍ አትማር፣ በሥራ በሥራ ተማር። ዛሬ አንድ ነጥብ ላይ በቀጥታ መሄድ። ነገ የበረራ ዕቅድ ማስገባት። ከነገ ወዲያ አፕሮች (ለማረፍ ወደ ማኮብኮቢያው የሚቀረብበትን መንገድ) መጫን። አንዱን ሥራ ቻርቱን እያነበብክ ያለ ማሰብ እስክትሠራው ድጋገመው። ኖቦቹ ድርብ ናቸው፣ ትልቁ ገጽ ወይም ቦታ ይቀይራል፣ ትንሹ ፊደሉን ወይም ምርጫውን። በማውስ ሲሆን የማውሱን ጎማ ተጠቀም፣ በክሊክ ብቻ ከሆነ እብድ ያደርግሃል።

ሰው ሁሉ የሚወድቅባቸው ቦታዎች እነዚህ ናቸው።

አፕሮች «ሎድ» ማድረግና «አክቲቬት» ማድረግ አንድ አይደለም። ሎድ ስትለው ዕቅድህ ጫፍ ላይ ይቀጥለዋል፣ አንተ የያዝከውን መንገድ ትቀጥላለህ። አክቲቬት ስትለው በል አሁኑኑ ወደዚያ ሂድ ማለትህ ነው። ገና ሩቅ ሆነህ አክቲቬት ካልክ አውቶፓይለቱ ዝም ብሎ ይታጠፍልሃል።

የመርፌውን (ከመስመርህ ምን ያህል እንደወጣህ የሚያሳይህን) ቀለም እይ። ማጀንታ (ወደ ሐምራዊ ያደላ ደማቅ ሮዝ) ከሆነ ጂፒኤስ ነው የምትከተለው፣ አረንጓዴ ከሆነ የሬዲዮ ሞገዱን፣ ማለትም ቪኦአር (መሬት ላይ ያለ አቅጣጫ ጠቋሚ ሬዲዮ) ወይም ሎካላይዘር (የአይኤልኤስ ግራ ቀኝ መሪ)። አይኤልኤስ ላይ ሆነህ መርፌህ ማጀንታ ከሆነ ቀጥ ብላ መሀል ላይ ትቆምና ሁሉ ነገር ሰላም ይመስልሃል፣ ግላይድስሎፑን (የአይኤልኤሱን የመውረጃ መስመር) ግን አትይዘውም። ወደ አረንጓዴ ለመቀየር «ሲዲአይ» የሚለውን ተጫን።

የአውቶፓይለቱ ናቭና አፕሮች ሞድ ይለያያሉ። ናቭ ግራ ቀኙን ብቻ ይይዛል። መውረጃውን እንዲይዝልህ አፕሮች ሞድ መብራት አለበት፣ ግላይድስሎፑንም ከታች ሆነህ ጠብቀው፣ ከላይ አታሳድደው።

ከሁሉ የሚገድለው ግን ቨርቲካል ስፒድ ሞድ ነው። በደቂቃ 700 ጫማ ውጣ ብለኸው ትረሳዋለህ። አውቶፓይለቱ ታዛዥ ነው፣ ቀጭን አየር ውስጥ ሞተሩ ሲደክም 700ውን ለመጠበቅ አፍንጫውን እያነሳ እያነሳ ፍጥነትህን ይበላውና ስቶል ያደርግሃል (ክንፉ መሸከም ያቅተዋል)። ስትወጣ «ኤፍኤልሲ» ተጠቀም፣ እሱ ፍጥነትህን ይይዛል፣ መውጣቱን እንደ ሞተሩ አቅም ይተወዋል። እኛ አገር ከፍታው ከፍታ ስለሆነ ይሄ ከባሕር ዳርቻ ሰው ይልቅ እኛን ይመለከታል።

ኮምቦልቻ ላይ ነው መለማመድ የምፈልገው። ለምን አልነሳም ይለኛል?

ወገኛ አይደለሁም፣ እኔም ከዚያው ነው የምነሳው። ግን ቁጥሩን እንይ። የኮምቦልቻ አውሮፕላን ማረፊያ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 6,100 ጫማ ነው። ቀኑ 25 ዲግሪ ሙቀት ከሆነ፣ በዚያ ከፍታ መደበኛው 3 ዲግሪ አካባቢ ስለሆነ፣ አየሩ ይሳሳና አውሮፕላኑ 8,700 ጫማ ላይ ያለ ያህል ይሰማዋል። የሴስና 172 ሞተር አቅሙ ትንሽ ነው። ሚክስቸሩን (የቤንዚኑንና የአየሩን መጠን የሚያመጣጥነውን እጀታ) እስከ መጨረሻው ገፍተህ ከተነሳህ ቤንዚኑ ለአየሩ ይበዛበታል፣ ኃይል ታጣለህ። የአውሮፕላኑ መመሪያ ራሱ ከ3,000 ጫማ በላይ ካለ ማረፊያ ስትነሳ ሚክስቸሩን አሳሳው ይላል። ሞተሩን ሙሉ ኃይል ሰጥተህ ሚክስቸሩን ቀስ ብለህ ሳብ፣ የሞተሩ ዙር ከፍ ብሎ መውደቅ ሲጀምር ትንሽ መልሰህ ግፋው። በቃ፣ ይነሳል። ቶሎ ይነሳል ግን አላልኩም።

ሁለተኛው ነገር ፍጥነት ነው። መሣሪያው 90 ኖት ሲልህ 8,000 ጫማ ላይ እውነተኛው ፍጥነትህ 104 ገደማ ነው፤ በየ1,000 ጫማው 2 በመቶ ጨምር፣ ለግምት ይበቃል። ለ3 ዲግሪ መውረጃ የሚያስፈልግህ ደግሞ የመሬት ፍጥነትህ ሲባዛ በ5 ነው። ከውጭ ቪዲዮ አይተህ በደቂቃ 450 እየወረድክ ለምን ከመስመሩ በላይ ሆንኩ ትላለህ። ያንተ 520 ነው።

ሦስተኛው ተራራው ነው። ኮምቦልቻ ላይ 8,000 ጫማ ብታነብ ከማኮብኮቢያው 1,900 ጫማ ገደማ ከፍ ብለሃል፣ ምቹ ይመስላል። ደሴ ግን ራሷ ከ8,000 ጫማ በላይ ናት፣ ጦሳ ደግሞ ከእሷ በላይ። በዚያች ከፍታ ደመና ውስጥ ወደ ደሴ ብትዞር ፒያሳ ውስጥ ነህ። በመኪና ጥምዝምዙን መንገድ የወጣ ሰው ይሄን በጆሮው ያውቀዋል፣ ሲሙሌተር ፊት ሲቀመጥ ግን ይረሳዋል። ስለዚህ ኮምቦልቻ ላይ በጂፒኤስ መስመር ስትሠራ ከመነሳትህ በፊት የየትኛው አቅጣጫ ዝቅተኛ ከፍታ ስንት እንደሆነ ቻርቱ ላይ እይና ወረቀት ላይ ጻፈው።

እውነቱን ለመናገር ለጀማሪ ቦሌ ይሻላል። ማኮብኮቢያው ረጅም ነው፣ አይኤልኤስ አለው። ኮምቦልቻን ክረምት ላይ አየሩን እንደ ውጭው አድርገህ ሞክራት፣ ግን ሆልዲንግና (ከታች አለልህ) አፕሮች ከለመድክ በኋላ።

ከቦሌ ኮምቦልቻ በሴስና እሄዳለሁ?

በቀጥታ መስመር ወደ 137 ኖቲካል ማይል ነው፣ በአስፋልቱ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚጠጋ መንገድ ሲቆራረጥ ማለት ነው። ችግሩ መሀል ላይ የመንዝ ደጋ አለ፣ የሴስና 172ኤስ የከፍታ ጣሪያ ደግሞ 14,000 ጫማ። በጠራ ቀን ይሞከራል፣ ደመና ውስጥ ግን ኪንግ ኤር (ባለ ሁለት ሞተር፣ ከፍ ብሎ የሚበር አውሮፕላን) ውሰድ።

ሆልዲንግ ጨርሶ አልገባኝም

ኮምፒውተሩን ዝጋና ወረቀት አውጣ። ሆልዲንግ አየር ላይ ወረፋ መጠበቅ ነው፣ የሩጫ መም ቅርጽ ያለው። መደበኛው ወደ ቀኝ ይዞራል፣ ከ14,000 ጫማ በታች ወደ ነጥቡ የሚመለሰው መስመር 1 ደቂቃ ነው። ሰው የሚጨነቀው አገባቡ ላይ ነው፣ ቀጥታ፣ ቲርድሮፕ (በእንባ ጠብታ ቅርጽ) ወይስ ፓራለል (ከመስመሩ ጎን ለጎን)። ከየአቅጣጫው ስትመጣ የቱን እንደምትገባ በእርሳስ ሣለው፣ ከዚያ ሲሙሌተሩ ላይ ያንኑ በርረው። ስትጨርስ ካርታው ላይ የሄድክበትን መስመር እይ። ነፋስ ስትጨምርበት መሙ ወደ ድንች ይቀየራል፣ ያኔ ነው እውነተኛው ትምህርት የሚጀምረው።

ጂ1000 ሆልዱን ራሱ ይሥልልሃል፣ ለዚህ ልምምድ ግን ካርታውን ደብቀው።

መሣሪያ እያበላሹ መለማመድ የሚባለው ምንድነው?

እዚህ ላይ ሲሙሌተሩ ከእውነተኛው አውሮፕላን ይበልጣል፣ ምክንያቱም አየር ላይ ማንም ቫኪዩም ፓምፕህን (አየር እየሳበ አንዳንድ መሣሪያዎችን የሚያሠራውን) አውጥቶ አይጥልልህም። በባለ ክቡ ሴስና አቲትዩዱና ሄዲንጉ በቫኪዩም ነው የሚሠሩት፣ ተርን ኮኦርዲኔተሩ በኤሌክትሪክ። ቫኪዩሙ ሲሞት አቲትዩዱ ወዲያው አይወድቅም። ቀስ እያለ ይጋደላል፣ አንተም እሱን አምነህ አብረኸው ትጋደላለህ። የሚያድንህ ተርን ኮኦርዲኔተሩ ቀጥ ብለሃል ሲል አቲትዩዱ ዞረሃል እንደሚል ማስተዋል ነው። አቲትዩዱን በወረቀት ሸፍነህ ቀጥል።

ፒቶት ቱቦው (ከፊት የሚመጣውን የአየር ግፊት ለፍጥነት መለኪያው የሚያደርሰው) በበረዶ ሙሉ በሙሉ ሲደፈን ፍጥነት መለኪያው እንደ አልቲሜትር መሆን ይጀምራል፣ በወጣህ ቁጥር ፍጥነትህ የጨመረ ይመስላል። ስታቲኩ (የአካባቢውን የአየር ግፊት የሚወስደው ቀዳዳ) ሲደፈን አልቲሜትሩ ይቆማል፣ ቨርቲካል ስፒዱ ዜሮ ላይ ይተኛል። ጂ1000 ላይ ደግሞ አንዱን ስክሪን ግደለውና ቀዩን የመጠባበቂያ ቁልፍ ተጫን፣ ሁሉም መረጃ በቀረው ስክሪን ላይ ይሰበሰባል። ኤክስ-ፕሌን ላይ ብልሽቱ መቼ እንደሚመጣ ሳታውቅ በዘፈቀደ እንዲሆን ማድረግ ትችላለህ። ጓደኛ ካለህ ግን ለእሱ ማውሱን ስጠው፣ ከኮምፒውተር የበለጠ ክፉ ነው።

እዚህ ጎበዝ ከሆንኩ እውነተኛው ላይም ጎበዝ ነኝ?

ግማሹ። ደመና ውስጥ ሰውን የሚያሳብደው የውስጥ ጆሮው ነው። ቀስ ብለህ ስትጋደል ጆሮህ አይሰማውም፣ ስታስተካክል ደግሞ የተጋደልክ ያህል ይሰማሃል፣ ሰውነትህ በሙሉ መሣሪያው ዋሽቷል ብሎ ይምልልሃል። ወንበር ላይ ተቀምጠህ ይሄ አይመጣም። ስለዚህ ከመሣሪያው ጋር መስማማትን ትማራለህ፣ ከሰውነትህ ጋር መጣላትን ግን እውነተኛው አውሮፕላን ላይ ነው የምትማረው።

መጥፎ ልማድ አይዘኝም?

ይይዝሃል። ሦስቱን ጠብቅ፣ እግርህን አለመጠቀም፣ ግራ ሲገባህ ፖዝ ማድረግ፣ በጠራ ሰማይም ስክሪን ላይ ማፍጠጥ። ፖዙን ለማሰብ ተጠቀምበት እንጂ ለመሸሽ አትጠቀምበት። የመጨረሻው ደግሞ አስተማሪዎችን በጣም ያበሳጫል፣ መጀመሪያ ላይ የሚያስተምሩህ ውጭውን እያየህ መብረር ነው።

የበረርኩት ሰዓት ይቆጠርልኛል?

አይቆጠርም። የሚቆጠረው የአገሩ ሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣን ባጸደቀው መሣሪያ፣ በሕጉ መሠረት የሠራኸው ነው። አሜሪካ ውስጥ እንኳን የጸደቁ የጠረጴዛ ማሠልጠኛዎች አሉ፣ ለኢንስትሩመንት ፈቃድ የሚቆጠረው ግን የተወሰነ ሰዓት ብቻ ነው። ለራስህ ግን ማስታወሻ ያዝ፣ የቱን አፕሮች እንደሠራህና የት እንደተበላሸብህ።

ኮምቦልቻ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ኤሌክትሪካል ተማሪ ነኝ። ማብረር ሳይሆን የአቪዮኒክስ ጥገና ነው የምፈልገው። ይጠቅመኛል?

በጣም እንጂ እህቴ። ሽቦውን አያስተምርሽም፣ መልቲሜትርም አያስይዝሽም። ግን ፓይለት መዝገብ ላይ «ግላይድስሎፕ አልያዘም» ብሎ ሲጽፍ ብልሽት ይሁን ወይስ መርፌው ማጀንታ ላይ ቀርቶ እንደሆነ ለመጠርጠር ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ማየት ያስፈልጋል። ከላይ ያሉትን ብልሽቶች አንድ በአንድ አስነሺና ስክሪኑ ላይ የትኛው ቀይ መስቀል እንደሚወጣ ጻፊ። የትኛው ሴንሰር የትኛውን መሣሪያ እንደሚመግብ ከመጽሐፍ ይልቅ በዚህ ቶሎ ይገባሻል።

መብራት ሲጠፋስ?

ላፕቶፕ ከሆነ ባትሪው ላይ ጥራቱን ዝቅ አድርገህ ጨርስ። ዴስክቶፕ ከሆነ አፕሮቹ ከመጀመሩ በፊት ያለውን ቦታ ሴቭ አድርግ፣ መብራቱ ሲመጣ ከዚያው ትቀጥላለህ፣ ሰዓት ሙሉ መብረር የለብህም።

ቻርት ከየት ላምጣ? አሮጌ ቢሆንስ?

ለልምምድ አሮጌም ይሆናል፣ ለእውነተኛ በረራ በጭራሽ። የናቪጌሽን መረጃ በየ28 ቀኑ ይታደሳል። ወሳኙ ነገር ቻርትህና ሲሙሌተሩ ውስጥ ያለው መረጃ እንዲመሳሰሉ ነው። ቻርቱ ላይ ያለው ነጥብ ጂ1000ው ላይ ስሙ ከሌለ ወይ ከተቀየረ አትጨቃጨቅ፣ ሌላ አፕሮች ምረጥ።

ሬዲዮ ንግግሩን ከማን ጋር ልለማመድ?

ቫትሲምና አይቫኦ የሚባሉ ነፃ መረቦች አሉ፣ ሰው ቤቱ ተቀምጦ ኮንትሮለር ይሆናል፣ አንተ ፓይለት። የሚፈጀው ዳታ ብዙ አይደለም፣ መስመሩ እንዳይቆራረጥ ግን ያስፈልጋል። መጀመሪያ አዳምጥ ብቻ። እኛ ሰማይ ላይ ኮንትሮለር ከሌለ ቫትሲም ላይ 122.800ን ክፈትና የት እንዳለህ፣ ወዴት እንደምትሄድ አሳውቅ። መልስ የሚሰጥህ ባይኖርም ልክ እንደ እውነቱ ተናገረው።